የወይብን ወንዝ ይዞ መጓዝ፦ ከዲንሾ እስከ ፊንጫ ሃበራ የሦስት ቀን የእግር ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄደው ሰው አብዛኛው በመኪና ሰነቲ አምባ ላይ ይወጣል፣ የቱሉ ዲምቱን ተራራ ያያል፣ ወደ ሐረና ጫካ ወርዶ ይመለሳል። ጥሩ ጉዞ ነው። ባሌን በእግሩ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን መጀመሪያ ወደ ወይብ ሸለቆ ቢሄድ እመክራለሁ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ካለባት ከዲንሾ ከተማ ተነስቶ በሸለቆው ውስጥ እስከ ፊንጫ ሃበራ ፏፏቴ የሚያደርሰው መንገድ ገደል መውጣትም ገመድም አይጠይቅም። የሚጠይቀው የተለማመደ እግር፣ ለብርድ የሚሆን ልብስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወንዝን አይቶ የመረዳት ትዕግሥት ነው። እኔ በዚህ መንገድ የተቸገርኩት በድካም ወይም በአውሬ ሳይሆን በውሃ ነው። ስለዚህ ከታች ስለ ወንዝ የጻፍኩት ከሌላው ሁሉ ይረዝማል።

ወሩን መምረጥ

ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ ወንዙ ይቀንሳል፣ ሌሊቱ ግን ይከብዳል። በ3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ጠዋት ድንኳኑ በውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሚያዝያና ግንቦት፣ እንዲሁም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ዝናብ ነው። በዝናቡ ወራት መሄድ የሚፈልግ ሰው ሊኖር ይችላል፤ አረንጓዴውና አበባው ያኔ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ግን ታኅሣሥን ወይም ጥርን ይምረጥ። ለገና ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ወደ አገር ቤት የሚመጡ ዘመዶቻችሁም ለዚሁ ወቅት ይደርሳሉ።

ዲንሾ ላይ የሚደረግ ዝግጅት

ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሻሸመኔ አድርጎ በዶዶላ በኩል መሄድ ይቻላል፤ በአሰላ በኩልም መንገድ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ የአዲስ አበባ ወሬ አይመልሰውም፤ እዚያው ያለ ሰው ነው የሚያውቀው።

ዲንሾ በ3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር ግዴታ ነው ብላችሁ ያዙት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ከፍታውን በከፊል ለምዶታል። ከባሕር ጠለል አጠገብ ከሚገኝ ከተማ በዚያው ሳምንት የመጣ ሰው ግን ሁለት ሌሊት ይደር። የመጀመሪያውን ቀን በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጽድና የኮሶ ደን ውስጥ ቀስ ብሎ በመዘዋወር ያሳልፈው። ይህ ቀን የባከነ አይደለም፤ ደጋ አጋዘንን፣ ከርከሮንና የምኒልክ ድኩላን በቅርብ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የመግቢያውን ክፍያ በጽሕፈት ቤቱ ትከፍላላችሁ። አስጎብኚ፣ ፈረስና ባለፈረስ የሚገኙትም ዲንሾ ነው። ያለ አስጎብኚ ለመሄድ አታስቡ። ሸለቆው ሰፊ ነው፤ ጭጋግ ሲወርድ አንዱ ጉብታ ከሌላው አይለይም፤ ስልክም በብዙው ቦታ አይሠራም። ፈረሱ ደግሞ ቅንጦት አይደለም። ድንኳኑንና ምግቡን እሱ ከተሸከመላችሁ እናንተ ወንዙን የምትሻገሩት ቀላል ቦርሳ ይዛችሁ ነው። ዋጋውን፣ የቀኑን ብዛትና የባለፈረሱ ምግብ በማን እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ። ብርድ ልብስ መያዙንም ጠይቁት፤ ከሌለው ፈልጉለት። እናንተ በስሊፒንግ ባግ ተኝታችሁ እሱ በነጠላ ልብስ የሚያድርበት ጉዞ ጥሩ ጉዞ አይደለም።

ጓዝ

ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝና ቀድሞ በእግር የተለመደ ይሁን። ለጉዞው የተገዛ አዲስ ጫማ በሁለተኛው ሰዓት ተረከዝ ይልጣል። ካልሲ ሦስት ጥንድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ፣ በሱ አትራመዱ። ልብስ ደራርቡ፦ ከሥር ቶሎ የሚደርቅ፣ ከላዩ ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከሁሉም በላይ ዝናብና ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት። ጥጥ ቲሸርት በላብ ከራሰ በኋላ ነፋስ ሲመታው ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ጋቢን ግን አልተውም። ለመንገድ ሳይሆን ለማታ ነው፤ እሳት በሌለበት ቦታ ጋቢ ተከናንቦ መቀመጥ ትልቅ ነገር ነው። ኮፍያ፣ ጓንት፣ የፀሐይ ቅባት፣ የግንባር ባትሪና ጠንካራ ዱላ ጨምሩ። ዱላው ዲንሾ ላይ ይገኛል።

ስሊፒንግ ባጉ ከዜሮ በታች የሚችል መሆኑን አረጋግጡ፤ ከሥሩም ፍራሽ ያስፈልጋል። ብርዱ የሚመጣው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬቱም ነው።

ለምግብ ያገራችን ስንቅ ይበቃል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና ድርቆሽ አይበላሹም፣ አይከብዱም። ባሌ ላይ ከሆናችሁ ግን ጭኮ ያዙ፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ስለሆነ ትንሹ ብዙ ያስኬዳል፣ በብርድም ይበላል። ማብሰያው ትንሽ የካምፕ ጋዝ ይሁን። አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦና ጽድን ቆርጦ ማንደድ ጨርሶ አይገባም፤ በዚያ ከፍታ ላይ አንድ ግንድ ለማደግ የሚፈጅበትን ዕድሜ ማሰብ ይበቃል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከዲንሾ ወደ ሸለቆው

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። መንገዱ ከ5 እስከ 6 ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን ከነእረፍቱ 7 ሰዓት አስቡት። በጠዋት የምትነሱት ለመድረስ ብቻ አይደለም። ባሌ ላይ ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ ውሃ የምትሻገሩት ከዚያ በፊት መሆን አለበት።

መጀመሪያ የገብስ ማሳና የግጦሽ መሬት ታልፋላችሁ፤ የአዴላይ ሸንተረር ከጎን ይታያል። የዳንካን ወንዝ የምታልፉት ተፈጥሮ በሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ነው። እዚያ ትንሽ ቁጭ በሉ። ከድልድዩ በኋላ ዛፉ እየቀነሰ ጓሳና ቁጥቋጦው ይበዛል፣ ቀጥሎም ሸለቆው ወለል ብሎ ይከፈታል። ወይብን ያገኛችሁት ያኔ ነው።

በዝግታ ሂዱ። የሚበጀው ልክ እያወራችሁ መራመድ የምትችሉበት ነው፤ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ትንፋሽ ካጠራችሁ ፈጥናችኋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የምግብ ፍላጎት መጥፋት የከፍታ ሕመም ምልክት ነው። ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ ዕረፉ። ካልቀለለ ወደ ላይ መቀጠል የለም። ሰው እየተንገዳገደ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተወላገደ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ሰዓቱ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይወሰዳል። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

መንገድ ላይ እረኞችና ከብቶቻቸው ያጋጥሟችኋል። ሰላምታ ሳትሰጡ አትለፉ፤ «አካም» ብትሉ ፊታቸው ይፈታል፤ «አሰላሙ አለይኩም» ማለትም የተለመደ ነው። የእረኛ ውሻ ቢመጣባችሁ አትሩጡ። ቆማችሁ ባለቤቱን ጥሩ፣ ዱላውን በእናንተና በውሻው መካከል ያዙት። ቢነክስ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ጉዞውን አቋርጣችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም።

ወንዝ መሻገር

በደረቁ ወቅት አብዛኛው መሻገሪያ በድንጋይ ላይ የሚዘለል ነው። ቢሆንም ድንጋዩ ጠዋት በስስ በረዶ፣ ሌላ ጊዜ በአረንጓዴ ሽበት ስለሚሸፈን ያንሸራትታል። ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ከመውደቅ እግርን አርጥቦ በውሃው ውስጥ መሄድ ይሻላል።

በመጀመሪያ ቦታ ምረጡ። አሥር ደቂቃ ወደ ላይና ወደ ታች እየሄዳችሁ ዳርቻውን እዩ። ውሃው የሚሰፋበት፣ በጠጠር ላይ እየተንሸረሸረ የሚያልፍበት ቦታ ጥልቀቱ ትንሽ ነው። የሚጠብበትና ድምፅ ሳያሰማ የሚሄድበት ቦታ ግን ጥልቅ ነው፤ ጸጥታው አያታልላችሁ። ከተመረጠው ቦታ በታች ምን እንዳለ ማየትም ያስፈልጋል። ከሥሩ ፏፏቴ ወይም ትልልቅ ቋጥኝ ካለ፣ መሻገሪያው ምንም ቀላል ቢመስል ተዉት። ከፊንጫ ሃበራ በላይ ባለው ክፍል ይህን አጥብቃችሁ ጠብቁ።

ቀጥሎ ፍጥነቱን ለኩ። እንጨት ወርውሩና አጠገቡ በዳርቻው ተራመዱ። እንጨቱ ጥላችሁ ከሄደ ውሃው ኃይለኛ ነው። በዱላ ስትለኩት ከጉልበት በላይ የሚፈስ ውሃም አይገባበትም።

ስትገቡ ካልሲውን አውልቁ፣ ጫማውን ግን አድርጉ፤ ባዶ እግር ድንጋዩ ላይ ይቆረጣል፣ በብርዱም ቶሎ ይደነዝዛል። የቦርሳችሁን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ፤ ብትወድቁ ወዲያው መጣል እንድትችሉ ነው። ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙራችሁ፣ ዱላውን ከፊት ተክላችሁ፣ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ሂዱ። አንድ እግር ሲነሳ ሌላው እግርና ዱላው ተተክለው ይቆዩ። ሦስትና አራት ሰው ከሆናችሁ ጠንካራውን ከላይ በኩል አድርጋችሁ ክንድ ለክንድ ተያያዙ። ውሃው ከወሰዳችሁ ቦርሳውን ልቀቁ፣ በጀርባ ተኙ፣ እግራችሁን ወደ ታች ወደ ወራጁ አቅጣጫ አስቀድሙና በእጅ ወደ ዳር ቅዘፉ። ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር በድንጋይ መሀል ከተቀረቀረ ነው ሰው የሚሞተው።

አሁን እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ጥቅምት መጀመሪያ ነበር፤ ከቀትር በኋላ። ባለፈረሱ ጓዙን ይዞ ቀድሞን ተሻግሯል። እኔና ጓደኛዬ ፀሐይ ስለነበረ ከወዲህ ቁጭ ብለን ሻይ አፈላን። የጓደኛዬ ኩባያ ከውሃው ዳር ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ድንጋዩ ስናስቀምጠው ደረቅ ነበር፤ ሻዩ ሳያልቅ ጠርዙ ረጠበ። ልብ አላልንም። ቀጥሎ ገለባና የደረቀ ኩበት እየተንሳፈፈ አለፈ፣ ከዚያም ጥርት ያለው ውሃ በአንድ ወገን እየደፈረሰ መጣ። ቀና ስል በላያችን ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ ወደ ሰነቲ በኩል ግን ጠቁሯል። በመጨረሻ የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም፦ ከውሃው ሥር ድንጋይ ከድንጋይ እየተጋጨ ኳ፣ ኳ ይላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መሻገሪያው ጠፋ፤ ድንኳናችን ማዶ ቀረ።

መሻገር እንችላለን ብዬ ጫማዬን ማጥበቅ ጀምሬ ነበር። ከብቶቹን ይዞ የመጣ አንድ አዛውንት እጄን ያዘኝ። አስጎብኚያችን የተረጎመልኝ ቃሉ ይህ ነው፦ «ልጄ፣ ወንዙ መንገደኛ ነው፣ ያልፋል። አንተ ተቀመጥ።» ከብቶቹን በሚያሳድርበት ዋሻ ወስዶ ወተት ሰጠን። ጠዋት ውሃው ወደ ቦታው ተመልሶ ቁርጭምጭሚቴን እንኳ በደንብ ሳይነካኝ ተሻገርን።

ምልክቶቹ በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ ዳር ያለ ድንጋይ ይረጥባል፣ ገለባና ቅጠል ይንሳፈፋል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ድምፁ ይወፍራል። የመጀመሪያውን ስታዩ ከዳርቻው ተነሱ። ሁልጊዜም ጓዙ፣ ድንኳኑና ሰዉ በአንድ ወገን ይሁኑ። እኔ ከዚያ ወዲህ በቦርሳዬ አንድ ጋቢ፣ ክብሪትና ጭኮ ሳልይዝ ከፈረሱ አልለይም።

የሚጠጣ ውሃ

ወይብ ጥርት ብሎ ቢታይም ከላዩ ከብት ይጠጣል፣ ይረግጣል። በሸለቆው ሆራ የሚባሉ ማዕድን ያላቸው ምንጮች ስላሉ ከብቱ ከሩቅ ሳይቀር ወደዚያ ይነዳል። ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከፈላ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ አቆዩት። ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ማከሚያ ለመጠባበቂያ ያዙ፤ ከከብት የሚመጡ አንዳንድ ተውሳኮችን ግን ክሎሪን አይገድላቸውም፣ ስለዚህ ማፍላቱን አይተካም።

ካምፑና ሌሊቱ

ፊንጫ ሃበራ የወይብና የወላ ወንዞች የሚገናኙበት ፏፏቴ ነው። ካምፑ አጠገቡ ነው። ድንኳኑን ከውሃው ቢያንስ 70 እርምጃ አርቃችሁ፣ ጎርፍ ያላለፈበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትከሉ። ሣሩ ወደ አንድ ወገን ተኝቶ፣ ቁጥቋጦው ላይ ገለባ ተንጠልጥሎ ካያችሁ ውሃ እዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው። የሸለቆው ወለል ከሁሉም ይበልጥ ይበርዳል፤ ትንሽ ከፍ ማለት በብርዱም ይጠቅማል።

ለመጸዳዳትም ያው 70 እርምጃ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ መልሳችሁ ድፈኑ፣ ወረቀቱን በከረጢት ይዛችሁ ተመለሱ። ሳሙና፣ ተፈጥሯዊ ነው የተባለውም ቢሆን፣ ወንዝ ውስጥ አይገባም፤ ውሃውን በሳህን ቀድታችሁ ራቅ ብላችሁ ታጠቡ። ይህ ውሃ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ገናሌ፣ በስተመጨረሻም በጁባ ወንዝ በኩል ወደ ሶማሊያ ይደርሳል። ታች ያለችው እናት ቀድታ የምትጠጣው ይህንኑ ነው።

ምግብና ጫማ ድንኳን ውስጥ ይደር፤ ጅብ ቆዳ ይወዳል። ትኩስ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልላችሁ ከእግራችሁ ሥር አድርጉት። እስከ ንጋት ያሞቃል፣ ጠዋትም ያልረጋ ውሃ ይኖራችኋል።

ሁለተኛው ቀን፦ ሸለቆውን ማየት

ይህን ቀን ጓዝ ሳትጭኑ በዚያው አሳልፉ። ከንጋት በፊት ተነሱና ወደ ሸለቆው ክፍት ሜዳ ውጡ። የምትፈልጉት ቀይ ቀበሮን ነው። የአካባቢው ሰው ጄዳላ ፈርዳ ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት። በዓለም ላይ የቀረው አዋቂ ቀይ ቀበሮ ከ500 ያነሰ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጠውም ባሌ ውስጥ ነው። አትከተሉት። ተቀመጡና ጠብቁ፤ መሬቱ በፍልፈልና በአይጥ የተሞላ ስለሆነ ለአደን እሱ ራሱ ይመጣል። አንዱን ከ40 ሜትር ገደማ ለረጅም ጊዜ አይቼዋለሁ። ግዙፉ ፍልፈል አፈር እየገፋ ጭንቅላቱን ብቅ፣ መለስ ያደርጋል። ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ጆሮውን ወደፊት ቀስሮ ቆመ። ፍልፈሉ ሲገባ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ሲወጣ ይደርቃል። እኔም አብሬው ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ይህ ግዙፍ ፍልፈል የሚገኘው በባሌ ተራሮች ብቻ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ የሰውም ቀለብ ነበር። በፊንጫ ሃበራ የዋሻ ጥላ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ የተቆፈረው ቦታ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት ገደማ በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እዚያ እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር፤ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ፣ ከላይ ካለው ተራራ ጥቁር ባልጩት እያመጡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ተራራው ጫፍ ላይ ያኔ የበረዶ ግግር ነበር። ዋሻው ውስጥ ስትቆሙ ምንም አታንሱ፣ አትቆፍሩ፣ ድንጋይ ለማስታወሻ ብላችሁ ኪሳችሁ አትክተቱ። አንዲት የተጠረበች ስባሪ ከቦታዋ ከተነሳች ታሪኳን ማንም መልሶ ማንበብ አይችልም።

ከሰዓት በኋላ የወንዙን ዳር ይዛችሁ አዝግሙ። ሰማያዊ ክንፍ ያለው የኢትዮጵያ ዝይ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይቀመጣል። ውሃው ውስጥ ከውጭ የመጣ ትራውት ዓሣ አለ፤ ማጥመድ ለሚፈልግ ሰው ዲንሾ ላይ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው ቀን፦ መመለስ

በመጣችሁበት ተመለሱ፤ ያንኑ መንገድ ከሌላ አቅጣጫ ስታዩት ሌላ አገር ይመስላል። ጊዜና ጉልበት ያለው ወደ ሰነቲ መቀጠል ይችላል፣ ግን ያ 4,000 ሜትርን ስለሚያልፍ ተጨማሪ ቀናትና ሌላ ዝግጅት ይጠይቃል። ቆሻሻችሁን ቆጥራችሁ ያዙ። የሻይ ቅጠል ከረጢትና የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀር፤ በዚያ ብርድ ቶሎ የሚበሰብስ ነገር የለም።

ዲንሾ ስትደርሱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ግቡና መመለሳችሁን አስመዝግቡ፣ ያያችሁትንም ንገሩ፦ ስንት ቀበሮ፣ የት፣ በስንት ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ2003 በዚሁ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከቀበሮዎቹ አብዛኞቹን ፈጅቷቸዋል፤ በሽታው የመጣው ከውሾች ነው። ስለዚህ የራሳችሁን ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። የሞተ፣ የሚንገዳገድ ወይም ሰውን የማይፈራ ቀበሮ ካያችሁ አትንኩት፣ አትጠጉትም። ቦታውን በስልካችሁ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከሩቅ ፎቶ አንሱ፣ ሻይ እንኳ ሳትጠጡ በመጀመሪያ ለፓርኩ ሰዎች አሳዩ።